«ተመቸህ» አትበሉት!

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላደገ ሰው ውፍረት ችግር ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ድርቅ በሚመላለስበት፣ የሴፍቲኔት ስንዴ ሲጠበቅ በኖረበት አገር፣ የወፈረ ሰው የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ «እሰይ፣ ተመቸህ!» እኛም ለበዓል አገር ቤት ስንገባ ይቺን ምርቃት እንወዳታለን (አንዋሽም)።

ኩላሊት ተተክሎለት ለተመለሰ ሰው ግን ምርቃት አይደለችም።

እስቲ አስቡት። ከነፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ አዲስ አበባ ድረስ ሲመላለስ፣ በኩላሊት እጥበት ሲሰቃይ ከርሟል። በመጨረሻ እህቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጠችው። አገራችን ይህን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የጀመረችው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ተሳካ፤ እልል ተባለ። ከዚያስ?

ከዚያማ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይውጣል። ከመድኃኒቶቹ ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፤ ታክሮሊመስ የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ኪሎ ይጨምራል። ውፍረት ደግሞ ስኳርንና ደም ግፊትን ይጠራል፤ ኩላሊት የሚገድሉት እነዚሁ ናቸው።

የከተማው ሊቅ ታዲያ «አፉን አይዘጋም እንዴ?» ይላል። ወንድማችን፣ መድኃኒት የከፈተውን አፍ በስድብ መዝጋት አይቻልም!

ምግብን ማስተካከልና እንቅስቃሴ አልበቃ ሲል፣ በሌላው ዓለም ጨጓራ የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና ለእነዚህ ሰዎችም ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ጨጓራን ቆርጦ ማጥበብ (ስሊቭ) ነው፤ አንጀትን የሚያዞረው (ባይፓስ) መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይበልጥ ሊያዛባ ይችላልና። የበሽታ መከላከያቸው በመድኃኒት ስለተዳከመም ለኢንፌክሽን ይጋለጣሉ። ስለዚህ ይህ የቦርጭ ማጥፊያ ማስታወቂያ ጉዳይ አይደለም፤ የንቅለ ተከላው ሐኪም አጠገብ መቆም አለበት።

«ጋይንት እህል ሲቸግረው እናንተ ስለ ቦርጭ!» የሚለን አይጠፋም። እኛ ለሁሉም ቢላዋ ይነሳ አላልንም። ሚዛን፣ የግፊት መለኪያና የስኳር ምርመራ ታካሚው በሚኖርበት ወረዳ ይገኝ ነው የምንለው። ይህ ለማይበቃው ጥቂት ሰው ደግሞ የቀዶ ሕክምናው በር በአገሩ ይከፈትለት። ንቅለ ተከላ ስፌቱ ሲደርቅ አያልቅም።

ቅንጦት ነው? ቅንጦትስ የእህትን ኩላሊት ተቀብሎ በቸልታ ማባከን ነው!