የወተት ጥርስም ሐኪም ይፈልጋል

«የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» እያልን የልጆቻችንን የጥርስ ሕመም ችላ ማለታችን ሊያበቃ ይገባል። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ለቋሚዎቹ ቦታ ይጠብቃሉ፤ ያለጊዜያቸው ሲነቀሉ የጎናቸው ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ተተኪውም ተጣሞ ሊበቅል ይችላል። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚወጣውን መንጋጋ ደግሞ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ቋሚ ነው፣ ከተነቀለ ሌላ አይበቅልም።

የሕፃናት ጥርስ ሐኪም በተጨማሪ ሥልጠና የሚማረው እነዚህን ጥርሶች መንከባከብን ነው። ፍሎራይድ ይቀባል፤ ገና ያልተበላውን መንጋጋ ይሸፍናል። የፈራውን ልጅ በግድ አይይዘውም፤ መሣሪያውን ያሳየዋል፣ በጣቱ ያስነካዋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አፉን ያስከፍተዋል። አንዴ በግድ ተይዞ ጥርሱ የተነቀለ ልጅ ካደገም በኋላ ክሊኒክ ሊሸሽ ይችላል።

የመጀመሪያው ምርመራ ልጁ 1 ዓመት ሳይሞላው ይሁን። ጤና ሚኒስቴርም እነዚህን ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ሆስፒታሎች ያሠልጥን።