ጀበናዋን የሠራችውን እናውቃለን፤ ፊደሉንስ?



በአንድ ቅዳሜ ጂንካ ከተማ ገበያው አጠገብ፣ ቡና አፍልተው ከሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ተቀምጬ ነበር። ቅዳሜ የጂንካ ዋና የገበያ ቀን በመሆኑ ደጁ በሰው ተሞልቷል። እኚህ እናት ቡናው እስኪፈላ ድረስ አርባ ምንጭ ለሚማረው ልጃቸው በስልካቸው አጭር መልእክት በአማርኛ ጻፉ። ጽፈው እንደጨረሱ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ አንቺ የጋዜጣ ሰው ነሽና ንገሪኝ እስቲ። ይህችን ጀበና የሠራችውን አውቃታለሁ። የአሪ ሴት ናት፤ ገበያ ስትመጣ ሰላም እንባባላለን። ይህን ፊደል ስልኩ ውስጥ ያስገባው ግን ማነው?» አሉኝ።

ወዲያው ልመልስላቸው አልቻልኩም። በየቀኑ በዚሁ ፊደል እየጻፍኩ እንጀራዬን የማገኝ ሰው ሆኜ ሳለ የሠሪዎቹን ስም አለማወቄ አሳፈረኝ። ስለዚህ ጠይቄና አንብቤ የደረስኩበትን ለእርሳቸውም ለእናንተም በዚህ አምድ አቀርባለሁ።

ኮምፒዩተር ሲፈጠር ፊደላችንን አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና የኢትዮጵያ ወዳጆች ይህን ጉድለት ለመሙላት ተነሡ። ከእነዚህም መካከል ፍስሐ አትላው፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። ይትናና ዳንኤል አማርኛን በላቲን ፊደል በድምፁ ጽፎ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚመልስ ሥርዓት አዘጋጅተው ለማንም በነጻ ሰጡ። በብዙዎች ጥረት ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ «ምንጫቸው ክፍት» የሚባሉ ናቸው። ይኸውም ሶፍትዌሩ የተሠራበት ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላም ያካፍላል። አንዲት ባለሙያ የወጧን አሠራር ሳትደብቅ ለጎረቤት ሁሉ ብትነግርና ጎረቤቶቿም እያሻሻሉ ቢመልሱላት ማለት ነው። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽና ኪማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ከዚህ ወገን ናቸው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቆሙት ኮድ ጸሐፊዎች ብቻ አይደሉም። ቃላቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ አዲሱን እትም ሞክሮ «ይህ ፊደል እዚህ ላይ ይሳሳታል» ብሎ የሚጠቁም፣ ለጀማሪው ታግሦ የሚያስረዳ ሁሉ ባለ ድርሻ ነው። ብዙዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ፣ ያለ ደመወዝ ይደክማሉ።

እኅቶች፣ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤቱ ሲጸዳ የሚያመሰግን የለም፤ አንድ ቀን ሲቆሽሽ ግን ሁሉም ያያል። ወጡ ሲጣፍጥ ዝም ተብሎ ይበላል፤ ጨው ሲጎድለው ግን ገበታው ሁሉ ይናገራል። በነጻ ሶፍትዌር የሚያገለግሉ ሰዎችም የሚደርሳቸው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ወቀሳ ነው።

ይህም ዋጋ ያስከፍላል። በብዙ የዓለም ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚሠራ ኤክስዜድ የተባለ ትንሽ ሶፍትዌር ነበር፤ ዛሬም አለ። ለዓመታት የተሸከመው አንድ በጎ ፈቃደኛ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሥራው ዘገየ» የሚሉ ወቀሳዎች በረቱበት። እርሱም ጤናው እንዳስቸገረውና ሥራው ያለ ክፍያ መሆኑን አስረዳ። በዚህ መካከል ረዳት መስሎ የቀረበ አንድ ሰው አመኔታውን አግኝቶ ሥራውን ተጋራ፤ በ2024ም ሰርጎ መግቢያ ቀዳዳ ደብቆ አስገባበት። ተንኮሉን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያነቃውም ኮምፒዩተሩ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነው። እንግዲህ አንድ ደካማ ትከሻ ላይ ተከምሮ «አይዞህ» የሚል የጠፋበት ሸክም የሁሉንም ቤት ለአደጋ ያጋልጣል።

ወደ ጀበናዋ ልመለስ። የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ያለ ማሽን በእጃቸው እያበጁ የብዙውን ቤት ድስትና ጀበና ይሠራሉ። ሆኖም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ እዚያም ሸክላ ሠሪ ለብዙ ዘመን ተንቃ ኖራለች። በእጇ ሥራ እየበሉ እጇን መናቅ! ይህ ሊነቀል የሚገባው ልማድ ነው። በስልካችን ያለውን የሌሎች ድካም እንደ አየር ቆጥሮ ማለፍም የዚሁ ልማድ ታናሽ ወንድም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ስናመሰግን ሥራውን ለይተን እንናገር። «ተባረኩ» ብቻ ሳይሆን «ፊደሉን ስላስተካከላችሁልኝ ለልጄ ጻፍኩለት» የሚል ቃል የደከመን ያቀናል። ሁለተኛ፣ ታላቁን ብቻ ሳይሆን ታናሹንም በስሙ እንጥራ። ሦስተኛ፣ ከምስጋና ጋር ሸክም እንቀበል። ስህተት ስናገኝ ከማማረር ይልቅ በደግ ቃል እንጠቁም፤ ኮምፒዩተር የሚማሩ ልጆቻችንም እጃቸውን እንዲያስገቡ እናበረታታ።

ሥራውም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለጉሙዝና የደቡብ ኦሞ ጎረቤት ለሆነው ለባስኬቶ ቋንቋ የሚያገለግሉ 32 የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ ተጨምረዋል። ይህ የሆነው ድምፁን የሚያውቅ ተናጋሪና ኮምፒዩተሩን የሚያውቅ ባለሙያ በአንድነት ሲሠሩ ነው። አሪ፣ ሐመር፣ ማሌ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲና ሌሎችም በሚኖሩበት ምድር፣ ቃሉን በትክክል የምታውቀው አያት የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ ያህል ታስፈልጋለች። የእርስዋም ስም ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ ዝርዝር ውስጥ ሊጻፍ ይገባል።

እማማ፣ የጠየቁኝን ጥያቄ ከሞላ ጎደል መለስኩ። ሰዎቹ ብዙ ናቸው፤ የሦስቱን ስም ግን ነግሬዎታለሁ። ለልጅዎ በሚጽፉለት በሚቀጥለው መልእክት ላይ ስማቸውን ይንገሩት። ጀበናዋን የሠራችውንም ገበያ ሲያገኟት ስለ እኔ አመስግኑልኝ፤ ቡናው ጥሩ ነበር።