ያገለገለ ቱርቦና ያልተቆጠረ ሒሳብ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

በአሁኑ ጊዜ ከሾፌሮችና ከመካኒኮች ጋር ጥቂት የተቀመጠ ሰው አንድ ወሬ ሳይሰማ አይነሣም። ወሬውም «ለአሮጌ መኪና ያገለገለ ቱርቦ ገዝተው ቢያስገቡለት በትንሽ ገንዘብ ጉልበቱ ይታደሳል» የሚል ነው። ይህ ወሬ ፈጽሞ ውሸት ነው ለማለት አልችልም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ሰምቶ ሥራ ከጀመረው ቤተሰብ አንዱ የእኛ ቤት ነው። ደግሞም ነገሩን በወረቀት አስልቶ አባቱን ያሳመነው ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ራሴ ስለ ሆንሁ፣ አንባብያን ሐሳቤን እንደ ዳኛ ቃል ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ቃል እንዲሰሙልኝ እለምናለሁ።

የአባቴ ሀብት አንድ ቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ ነው። ሞተሩ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍታ ሞተር ሲሆን ቱርቦ የለውም፤ ጉልበቱም አዲስ ሳለ 90 የፈረስ ጉልበት ግድም ነበረ። አባቴ በዚህ መኪና ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ እየጫኑ ወደ ደብረ ብርሃን ያመላልሳሉ። የምንበላውም፣ የምንለብሰውም፣ ደብተራችንም ከዚያው ነው። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ዳገቱን ይረሳዋል ብዬ አላምንም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ታርማበር ሲደረስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የእኛ መኪና ተጭና ያን ዳገት ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ከኋላዋ የተከተሉት ሁሉ ጥሩምባ እየነፉባት ነበር።

ይህ ሲሆን እኔ በትምህርት ቤት የአየርን ግፊት እማር ነበር። መምህራችን ግፊት ከፍታ ሲጨምር እንደሚቀንስ ሲያስረዱን ልቤ ወዲያው ታርማበር ሄደ። በደብተሬ ጀርባ አሰላሁት። በባሕር ዳርቻ አንድ ባር የሆነው ግፊት ሸዋ ሮቢት ላይ 0.87 ግድም ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 0.72፤ ታርማበር ላይ ደግሞ 0.7 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ሞተሩ ከሚገባው አየር ሢሶ የሚሆነውን ተራራው ይቀማዋል ማለት ነው። ናፍታው ግን እንደ ልማዱ ይመጣል፤ አየር ያጣው ናፍታ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ የተቀማውን አየር ይመልሳል። በ0.4 ባር ብቻ ቢጨመቅ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ሞተር ከባሕር ዳርቻ የበለጠ ግፊት ያገኛል። ሒሳቡ ልክ ነበረ፤ ዛሬም ልክ ነው። (የተጨመቀ አየር ስለሚሞቅ ጥቅሙ ከግፊቱ ያነሰ መሆኑን አላሰብሁም፤ ይህ ግን ከሌላው ስሕተቴ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።)

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ በደስታ ዘለለ። በ2015 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ከሶማሌ ተራ አንድ ያገለገለ ቱርቦ ገዛ። ስለ ግዢው ልነቅፈው አልችልም፤ ሰው እንደ መከረው ዘንጉን በጣቱ ይዞ ወደ ጎን ነቀነቀው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ገፋው፣ የክንፎቹን ጫፍ አየ። ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተፈጥሮው ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ ወይም ክንፉ ቤቱን ፍቆ ከተገኘ ግን ዕቃው አልቋል። የእኛው ደኅና ነበረ። አባቴ ጥቂት ቀን ዝም ብለው ቈዩና «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል፤ እኔ ይህችን መኪና ብቻ ነው ያለኝ» አሉ። ያ ቃል ፈቃድ ነው ብለን ወሰድነው።

በአንድ ጋራዥ ተገጠመ። ማኒፎልዱ በብየዳ ተበጀለት፣ ማርሚታው ተቈርጦ ተቀጠለ፣ ዘይት ከሞተሩ የሚወስድ ቀጭን ቧንቧ ተሳበለት፣ ዘይቱን ወደ ኮፓው የሚመልስ የጎማ ቱቦም ተደረገለት። በመጀመሪያው ሳምንት ቤታችን እንደ ሠርግ ቤት ሆነ። መኪናይቱ ታርማበርን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች፤ ጭሱም ጠፋ። ወንድሜ በመንደሩ ሁሉ አወራ፤ እኔም ለክፍል ጓደኞቼ አወራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ማለዳ መኪናዋን በግቢያችን አስነሥተው ሳለ ሞተሩ በራሱ ጊዜ መፍጠን ጀመረ። ነዳጅ መርገጫውን ማንም አልነካም። ድምፁ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ፤ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። ወንድሜ ሮጦ ቁልፉን አጠፋ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። እናቴ ታናናሾቼን እየጎተተች ወደ ጎረቤት ሸሸች። በዚያ ሰዓት ማን ምን እንዳለ አላስታውስም፤ የማስታውሰው አባቴ በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ አምስተኛ ማርሽ ሲያስገቡ፣ ፍሬኑን በሙሉ ኃይላቸው ረግጠው ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ሲለቁት ነው። መኪናይቱ ዘለለችና ሞተሩ ታንቆ ቆመ። አባቴ ከመሪው ላይ እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሡም።

ቁልፍ የናፍታ ሞተርን የሚያጠፋው ናፍታ የሚሰጠውን ፖምፓ በመዝጋት ነው። የእኛ ሞተር ግን በዚያች ሰዓት የሚነደው ናፍታ አልነበረም፤ በቱርቦው በኩል ሾልኮ ወደ አየር መግቢያው የገባውን የገዛ ዘይቱን ነበር። በፈጠነ ቍጥር ብዙ ዘይት ይስባል፣ ብዙ ዘይት በሳበ ቍጥር ይፈጥናል። አየር ካልተከለከለ ወይም በግድ ካልታነቀ፣ ዘይቱ እስኪያልቅ ወይም ሞተሩ እስኪሰበር ድረስ አይቆምም።

ጥፋቱ የተገኘው ማንም ዋጋ በማይሰጣት በመመለሻዋ ቱቦ ላይ ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ ሲዞርም ብረት በብረት ላይ ሳይሆን በቀጭን ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ዘይቱ በግፊት ይገባል፤ ሲወጣ ግን ግፊት የለውም፣ በሙቀትና በሽክርክሪት አረፋ ሆኖ እንደ ወንዝ ቁልቁል ብቻ ይፈስሳል። ስለዚህ መመለሻው ወፍራም፣ ሳይታጠፍ የሚወርድ፣ ወደ ኮፓውም ከዘይቱ በላይ ባለው ስፍራ የሚገባ መሆን አለበት። የእኛው ቀጭን ነበረ፤ ደግሞም ቦታ ስለ ጠበበው በመካከሉ ታጥፎ ጥቂት ወደ ላይ ይወጣ ነበር። መውረጃ ያጣው ዘይት በቱርቦው ሆድ ተጠራቀመና በማኅተሙ በኩል ወደ አየሩ መንገድ አለፈ። የዚያች ጎማ ዋጋ ከአንድ ኩንታል ሽንኩርት ዋጋ አይበልጥም።

መኪናይቱ ሰባት ሳምንት ቆመች። የፒስተን ቀለበቶችና ብሮንዚኖች ተለወጡ። አባቴ በሰው መኪና ተቀጥረው ነዱ፤ ታላቅ እኅቴም በዚያ ዓመት የኮሌጅ ምዝገባዋን ተወች። እኅቴ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ እኔ ግን ደብተሬን ባየሁ ቍጥር ይታወሰኛል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ቱርቦ የሚገዛበት ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው ቱርቦ ለማስገባት ገንዘብ አለው ማለት አይቻልም። በእኛ ቤት ሁሉም ተደምሮ ሲታይ፣ ቆይቶ የወጣው የጥገና ሒሳብ እንኳ ሳይገባ፣ የቱርቦው ዋጋ ከማስገቢያው ወጪ ሢሶ አልሞላም። በገበያ ርካሽ ሆኖ የሚታየው ዕቃው ነው፤ ውድ የሚሆነው ዕቃው የሚፈልገው ሁሉ ነው። ደኅና ዘይትና ቶሎ ቶሎ መለወጡ፣ ንጹሕ ራዲያተር፣ የግፊት መለኪያና የጭስ ሙቀት መለኪያ፣ በደንብ የተሠራ ቧንቧ፣ እንዲሁም የጨመረውን ፍጥነት የሚችል ፍሬን ያስፈልጋሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አያስፈልግም የሚሉት የጭስ ሙቀት መለኪያውን ነው። እኔ ግን ከቱርቦው በፊት መገዛት ያለበት እርሱ ነው እላለሁ። ቱርቦ አየር ብቻ ቢጨምር ናፍታው በደንብ ይቃጠላል፣ ጭሱም ይቀዘቅዛል። ሰው ግን በዚህ አይረካም፤ የፖምፓውን ብሎን አዙሮ ናፍታ ያስጨምራል። ያን ጊዜ ሙቀቱ ይወጣል። ከማኒፎልዱ በሚወጣው ጭስ ላይ 700 ዲግሪ አልፎ ለረጅም ጊዜ የሚወጣ ሞተር የፒስተኑን አናትና ቴስታታውን በአደጋ ላይ ይጥላል፤ ሾፌሩም በጆሮው አይሰማውም፣ በዓይኑም አያየውም። ደግሞ መካኒኩ ብሎኑን ደብረ ብርሃን ላይ ቢያስተካክለው፣ መኪናው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ያው 0.4 ባር በ0.87 ላይ ይጨመርና 1.27 ይሆናል። በቆላ ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት ተጭኖ ዳገት የሚጀምረው በዚህ ሁኔታ ነው።

ቶዮታ ራሱ ከዚሁ ቤተሰብ 2ኤል-ቲ የሚባል ባለ ቱርቦ ሞተር ሠርቷል፤ መካኒኮችም ከሁሉ ይልቅ ቴስታታው በመሰንጠቁ ያውቁታል። ፋብሪካ በሥርዓት ያደረገው እንዲህ ካስቸገረ፣ በብየዳ የምናደርገው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ መገመት አያዳግትም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኪ የመብት ወረቀት ያወጣበት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ነው። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ ወስዶ፣ ቱርቦ ተራራው የቀማውን ጉልበት እንደሚመልስ አሳየ። እኔ በደብተሬ ያገኘሁት መስሎኝ የተኩራራሁበት ነገር ይኸው ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስገርመኝ የኦልድስሞቢል ጄትፋየር ታሪክ ነው። በ1962 የወጣው ይህ የቤንዚን መኪና የመጨመቂያ ልኩ ከፍተኛ ስለ ነበረ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በየጊዜው ይሞላለት ነበር። ብዙዎቹ ባለቤቶች መሙላቱን ቸል አሉት። በ1965 ኩባንያው መኪኖቹን ጠርቶ ከብዙዎቹ ላይ ቱርቦውን አነሣና ተራ ካርቡረተር አደረገላቸው። እነዚያ ሰዎች አዲስ መኪና ለመግዛት የሚችሉ ነበሩ፤ የጎደላቸው ገንዘብ ሳይሆን መከታተል ነበር። ስለዚህ የቤንዚን ኮሮላ ያለው ጓደኛዬ ቢጠይቀኝ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያውለው እለዋለሁ፤ ያለ ጊዜው የሚፈነዳ ቤንዚን ፒስተን ለመብሳት ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

«ታዲያ ድኻ ሰው አይሞክር ማለትህ ነው?» ብሎ ወንድሜ ይቈጣኛል። ቍጣው ከንቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታወጀ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። እኔም አይሞክር አልልም። አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ይለውጥ፣ የናፍታ መርጫዎቹን ያስመርምር፣ የቫልቩን ክፍተት ያስለካ፣ ከልኩ በላይ መጫኑንም ይተው። የእኛ መኪና ለጥገና ስትፈታ ከአራቱ መርጫዎች ሁለቱ ናፍታውን በደንብ እንደማይረጩ ታወቀ፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ ከፊሉ የተራራው ሳይሆን የእነርሱ ነበረ። እኔ ሁሉንም በተራራው አሳብቤ ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዳገቱ አሁንም ከከበደ፣ ሞተሩም ጤነኛ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቱርቦ ይታሰብ።

አባቴ ቱርቦውን አላስወጡትም። ብዙዎች ያስወጣሉ ብለው ነበር። «ጥፋቱ የቱቦዋ ነው፤ እርሱን ለምን አባርረዋለሁ?» አሉና በወፍራም መመለሻ፣ በሁለት መለኪያዎች እንደ ገና አስገጠሙት። ዛሬ ዳገት ጨርሰው ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አያጠፉም፤ የጋለው ቱርቦ ውስጥ ዘይቱ እንዳያርር አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ያስኬዱታል፤ ተሳፋሪ ቢጣደፍም ግድ የላቸውም። የፖምፓው ብሎን ከተስተካከለ በኋላ በላዩ ቀይ ቀለም ተቀብቶበታል። ወንድሜ «ሩብ ዙር ብቻ ብናዞረው» ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም። እኔም ዘወትር ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቼ ቀለሙ አለመሰንጠቁን አያለሁ።