ለውኃው ኩሬ፣ ለወተቱ ባትሪ

የበጋ መስኖ በተስፋፋባቸው ወረዳዎች ነዳጅ ከዘርና ከማዳበሪያ ባልተናነሰ የአርሶ አደሩ ራስ ምታት ሆኗል። በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ሽንኩርትና ሌላም ሰብል በመስኖ የሚያለሙ በርካታ አርሶ አደሮች የጉማራንና የርብን ውኃ የሚስቡት በትንንሽ የነዳጅ ሞተር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው በተደጋጋሚ ጨምሯል። ከማደያ ርቆ የሚኖረው ደግሞ በጀሪካን ከነጋዴ ስለሚገዛ ከማደያው ዋጋ በላይ ይከፍላል። ቤንዚን የጠፋበት ሳምንት ሽንኩርቱ ራስ ከሚቋጥርበት ሳምንት ጋር ከገጠመ የአንድ በጋ ድካም ማሳ ላይ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ በአርሶ አደሩም በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ዘንድ ተፈላጊ እየሆነ መምጣቱ ተገቢ ነው። የፓነል ዋጋ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከነበረበት ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። የሊቲየም ባትሪም እንዲሁ። ነገር ግን ፓነልና ባትሪ ሁልጊዜ እንደ ሞፈርና ቀንበር ተጣምረው መገዛት ያለባቸው የሚመስላቸው ገዢዎች አሉ። ይህ ገንዘብ ያባክናል። ባትሪ የሚያስፈልገው ሥራ አለ፤ የማያስፈልገውም አለ። ሁለቱን መለየት ደግሞ ከግዥው በፊት መሠራት ያለበት የቤት ሥራ ነው።

መስኖ ከፀሐይ ጋር ይስማማል

መስኖ የሚፈለገው ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚውልበት በበጋ ነው። ደመና ፀሐይን በሚሸፍንበት በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ራሱ ማሳውን ያጠጣል። ስለዚህ ለፓምፕ የሚሆነው ኃይል የሚገኘው ልክ በሚፈለግበት ወቅት ነው።

ስሌቱም ከባድ አይደለም። ግማሽ ሄክታር የአትክልት ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ቢጠጣ 25 ሜትር ኩብ ወይም 25 ሺህ ሊትር ይፈልጋል። ይህን ውኃ ከ15 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት፣ በፓምፑ የሚባክነው ኃይል ተጨምሮ፣ ከ2 እስከ 2 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል። በበጋ ፀሐይ ከ600 እስከ 700 ዋት ያለው ፓነል ይህን ያህል ኃይል በአንድ ቀን ይሰጣል። ፓነሉ በቀጥታ ፓምፑን ካንቀሳቀሰ ባትሪ አያስፈልግም።

አርሶ አደሩ ግን በቀትር ማጠጣትን አይወድም፤ ውኃው ይተናል ይላል። እውነት አለው። መልሱም ኃይሉን ሳይሆን ውኃውን ማቆየት ነው። አራት ሜትር በአራት ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ያለው፣ በጂኦሜምብሬን የተነጠፈ ኩሬ የግማሽ ሄክታሩን የአንድ ቀን ውኃ ይይዛል። ከኩሬው በትነት በቀን የሚጠፋው 80 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አራት ጀሪካን ብቻ ነው። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ውኃ ሲስብ ይውላል፤ ማሳው በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይጠጣል። ቀስ እያለ ለሚሞላ የእጅ ጉድጓድም ይህ ይስማማዋል። በኃይለኛ ሞተር በአንድ ሰዓት ተሟጥጦ ከመድረቅ ይድናል።

የደጋውና የወይና ደጋው መሬት ተዳፋት መሆኑም ጥቅም አለው። ኩሬው ወይም ሮቶው ከማሳው በላይ ከተቀመጠ ውኃው ያለ ሌላ ኃይል ወደ ጠብታ መስኖ ቱቦ ይወርዳል። ሮቶ ከኩሬ ይልቅ ውድ ነው፤ ቆሻሻ ስለማይገባበት ግን ለጠብታ መስኖ ይመረጣል። አሥር ሺህ ሊትር ውኃ አሥር ቶን እንደሚመዝን ግን መዘንጋት የለበትም። በቀጭን እንጨት ቆጥ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አደጋ ነው። ኩሬም ቢሆን አጥር ሊኖረው ይገባል። ሕፃንና ጥጃ የሚሰምጡት ባልታጠረ ኩሬ ነው።

እርግጥ ነው የባትሪ ዋጋ በመውረዱ ጉድጓዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ ትንሽ ሊቲየም ባትሪ ከትልቅ ሮቶ ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ዕድሜውን ግን ማስላት ያስፈልጋል። በየቀኑ የሚሞላና የሚራገፍ የእርሳስ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ ያገለግላል። ፓነሉ 25 ዓመት ይሠራል። በባትሪ በኩል ብቻ የተገናኘ ፓምፕ ባትሪው በሞተ ቀን ይቆማል። ኩሬ ቢሰነጠቅ ግን አርሶ አደሩ ራሱ ይለጥፈዋል።

ባትሪ ቦታው ወተት ላይ ነው

የማታ ወተት ሌላ ጉዳይ ነው። አመሻሽ ላይ የታለበ ወተት እስከ ማለዳ ሳይቀዘቅዝ ካደረ ወተት ሰብሳቢው ማኅበር አይቀበለውም። 100 ሊትር ትኩስ ወተትን ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ በደህና ማቀዝቀዣ ከ1 ነጥብ 5 እስከ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ ኃይል የሚፈለገው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ላሟ በክረምትም ትታለባለች፤ ስለዚህ የፓነሉና የባትሪው መጠን የሚሰላው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ደመና ነው። እዚህ ላይ ባትሪ ገንዘቡን ይመልሳል። ቀን በፀሐይ ውኃን በረዶ አድርጎ ማታ ወተቱን በዚያ ማቀዝቀዝም ሌላው መንገድ ነው። ለ100 ሊትር ወተት 40 ኪሎ ግራም ያህል በረዶ ይበቃል። በጾም ወራት የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝም ቅቤና አይብ ለመሥራት ጊዜ ይገኛል።

የእንስሳት ክትባት የሚቀመጥባቸው የቀበሌ ጤና ኬላዎችም እንዲሁ ሌሊቱን ሙሉ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። በአንጻሩ ወፍጮ ከባድ ኃይል የሚበላ በመሆኑ በባትሪ ማሠራት ያከስራል። ወፍጮው ፀሐይ ባለችበት ሰዓት እንዲሠራ ፕሮግራም ማውጣት ይቀላል።

ፋብሪካው ሐዋሳ፣ አርሶ አደሩ ፎገራ

አገር ውስጥ ስለሚመረት ሶላር የሚነገረውም በዚሁ መንፈስ መታየት አለበት። በዓለም የፓነል ምርት ሰንሰለት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በቻይና እጅ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቶዮ የተባለው ኩባንያ በ2017 ዓ.ም የሶላር ሴል ማምረት ጀምሯል። መነሻ አቅሙ በዓመት 2 ጊጋ ዋት ሲሆን በኋላ ወደ 4 ጊጋ ዋት ለማሳደግ ሠርቷል። ይህ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪና የሥራ ዕድል ነው። ሴል ግን ገና ፓነል አይደለም። በመስታወት ተሸፍኖ፣ ፍሬም ተደርጎለትና ገመድ ተያይዞለት ነው ፓነል የሚሆነው። ፋብሪካው በዋናነት የሚያመርተውም ለውጭ ገበያ፣ በተለይም ለአሜሪካ ነው። በሐዋሳ ሴል መመረቱ ብቻውን የፎገራን አርሶ አደር ፓምፕ አያረክስም።

የሚያረክሰው የተሰበሰበ ግዥ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ፒኤም ኩሱም የተባለውን የሶላር ፓምፕ ፕሮግራም ስትጀምር የፓምፑን ዋጋ 30 በመቶ ማዕከላዊው መንግሥት፣ 30 በመቶ ክልሉ እንዲሸፍኑ፣ ቀሪውን አርሶ አደሩ በብድርም በራሱም እንዲከፍል አደረገች። ፓነሉ በአገር ውስጥ የተመረተ እንዲሆን፣ ሻጩም ለ5 ዓመት ጥገና እንዲሰጥ አስገደደች። አምራቾች ገበያ አገኙ፤ አርሶ አደሩ ጠጋኝ አገኘ። ከዚያው ከሕንድ የሚወሰድ ማስጠንቀቂያም አለ። ለመሳቢያ ነዳጅ የማይከፍል ሰው ውኃውን አይቆጥብም። የከርሰ ምድር ውኃ በሚለማባቸው እንደ ቆቦ ባሉ አካባቢዎች ፓምፕ ከመታደሉ በፊት የጉድጓዱ አቅም ሊለካና በውኃ አባቶች በኩል ተራ ሊወጣለት ይገባል።

እያንዳንዱ ወረዳ ለየብቻው አሥርና ሃያ ፓምፕ እየገዛ ይህን ጥቅም ማግኘት አይችልም። የክልሉ የመስኖ ቢሮና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የበርካታ ወረዳዎችን ፍላጎት አንድ ላይ አሰባስበው ጨረታ ቢያወጡ በአገር ውስጥ ፓነል ለሚገጣጥም ሰው እውነተኛ ገበያ ይፈጠራል። የፓነል ማቆሚያ ብረቱን የከተማው የብረታ ብረት ማኅበራት፣ ተከላውንና ጥገናውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምሩቃን ሊሠሩት ይችላሉ። ፓነሉ ከውጭ ቢመጣም እንኳ ከሥራው ብዙው ክፍል አገር ውስጥ የሚቀርበት መንገድ ይህ ነው።

የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እያለ ሶላር ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አይጠፉም። ግድቡ ተመርቋል፤ መስመሩ ግን በየወንዙ ዳርና በየጉድጓዱ አፍ አልደረሰም፤ በቅርብም አይደርስም። ሁለቱ አይጣሉም፤ መስመር ሲደርስ ፓነሉ ወደ ራቀው ቀበሌ ይዛወራል።

የወረዳ ኃላፊዎች የዓመቱን በጀት ሲያዘጋጁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር ቢያጣሩ ይበጃል። ሥራው ቀን ሊሠራ ይችላል ወይ? ካልቻለ የሚቆየው ውኃ ነው ወይስ ኃይል? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው፣ በስንት ቀንስ ይደርሳል? ለሦስተኛው ጥያቄ በውል የሰፈረ መልስ ከሌለ ፊርማው መዘግየት አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በበጀት መዝጊያ በጥድፊያ የተገዛ ፓምፕ በመጀመሪያው ብልሽት ይቆምና አርሶ አደሩን ወደ ጀሪካኑ ይመልሰዋል። ብድር ያለበት አርሶ አደር ደግሞ የቆመውን ፓምፕ ዕዳም የጀሪካኑን ዋጋም አንድ ላይ ይከፍላል።