8,500 ሰዓት የበረረ አብራሪ እንዴት ይወድቃል?

ሄሊኮፕተር በወደቀ ቁጥር ኮሜንት ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «አብራሪው ልምድ የለውም እንዴ?» እኛም መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱኑ ነው። ጥያቄው ግን ትንሽ ያሳስታል።

ኮቤ ብራያንትንና ልጁን ጂያናን የነጠቀንን አደጋ እናስታውስ። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም ካሊፎርኒያ፣ ካላባሳስ ላይ 9 ሰዎች ሞቱ። አብራሪው ከ8,500 ሰዓት በላይ በርሯል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲያሳውቅ የሞተር ብልሽት አላገኘም። አብራሪው ደመና ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ ጠፍቶበታል። ወደ 4,000 ጫማ እየወጣ መሆኑን ለተቆጣጣሪዎች ሲነግራቸው፣ ሄሊኮፕተሩ እየወረደ ነበር!

እየዋሸ አይደለም። ዓይን አድማሱን ሲያጣ፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል መውረዱን እንደ መውጣት ሊያሳየን ይችላል። ቦርዱ ሌላም ነገር ጠቅሷል፦ ደንበኛውን ላለማሳዘን አብራሪው በራሱ ላይ የፈጠረውን ጫና። እዚህ ጋር ነው ልምድ ጠላት የሚሆነው። መቶ ጊዜ በሰላም ያለፈ ሰው መቶ አንደኛውን ይደፍራል።

ሂሳቡም አለ። አሜሪካ ውስጥ ሰው የሚሞትበት የሄሊኮፕተር አደጋ በቅርብ ዓመታት በ100,000 የበረራ ሰዓት ከ1 በታች ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግማሽ ብለን እናስላው። 100 አብራሪዎች እያንዳንዳቸው 10,000 ሰዓት ቢበሩ አንድ ሚሊዮን ሰዓት ይሆናል፤ 5 ገዳይ አደጋ ማለት ነው። በእርግጥ ስራው ይለያያል፤ ዝቅ ብሎ መድኃኒት የሚረጭና ቱሪስት የሚያመላልስ እኩል አይደሉም።

አንዳንዴ ደግሞ አብራሪው ምንም ማድረግ አይችልም። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም ኖርዌይ ውስጥ የነዳጅ ሰራተኞችን የጫነ ሄሊኮፕተር የማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ያለ ጥርስ ከድካም ብዛት ተሰንጥቆ ዋናው ክንፍ ተነቅሎ በረረ፤ 13 ሰዎች አለቁ።

ሳይወድቁ ጡረታ የሚወጡትም ወገባቸውን ይዘው ነው፤ ንዝረቱና ጎበጥ ያለው አቀማመጥ ጀርባን፣ ጩኸቱ ጆሮን ይበላል።

ይህን ሙያ የምታስቡ ካላችሁ ከደሞዙ በፊት ይህን ጠይቁ፦ አየሩ ሲከፋ «ዛሬ አልበርም» ያለ አብራሪን ድርጅቱ ምን ያደርገዋል?