ደላላው ጥቁር መነጽር አያደርግም

ሆሳዕና ይሁን ዱራሜ፣ ሾኔ ይሁን ሺንሺቾ፣ የፊልም ድርሰት ጽፎ የትምህርት ቤቱን የፊልም ክበብ ለሚመራው መምህር ያቀረበ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መልእክቱ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ታሪኩ ይይዛል ወይ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሰው ሰው ይሸታሉ ወይ የሚል የለም። ልጁም መልሱን አጥንቶታል። «ሕገወጥ ስደትን መከላከል» ይላል፤ ይፈቀድለታል። ልብ አንጠልጣይ ሊሆን የነበረው ፊልም እዚያው ላይ ያበቃለታል፤ ገና ሳይቀረጽ መጨረሻው ታውቋልና።

ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ፊልም ሳናየው እናውቀዋለን። ሰው አሻጋሪው ደላላ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የቆዳ ጃኬት ለብሶ ከመኪና ይወርዳል። ከኢንተርኔት የወረደ የሆሊውድ ሙዚቃ ያስገመግማል። ልጁ እናቱን አስለቅሶ ይሄዳል፤ በረሃ ላይ ይሞታል። መጨረሻ ላይ አንድ መምህር ወደ ካሜራው ዞሮ «ወጣቶች ሆይ» ብሎ ይጀምራል። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እኛም «የዘንድሮ ልጅ ቁም ነገር አይገባውም» ብለን እንወጣለን።

ልጆቹ የሚስቁት ከፊልሙ በላይ ስለሚያውቁ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚሄዱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚነሡት ከእነዚሁ ከተሞች አካባቢ፣ ከሐዲያና ከከምባታ ነው። ሞያሌን አልፎ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን የሚያቆራርጠውን መንገድ የዚህ አገር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንደ ሠፈሩ ያውቀዋል። ደላላውንም ያውቀዋል። የአክስት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕድር ይከፍላል፣ ሠርግ ላይ ከፊት ይቀመጣል። ብዙ አባት በሬውን ሸጦ ብሩን የሚያስረክበው ተታሎ ብቻ አይደለም፤ አምኖት፣ አንዳንዴም ደጅ ጠንቶት ነው። የሚያስፈራው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ፊልሙ ይህን ሰው አስወጥቶ ማንም የማያውቀውን ወሮበላ ያስገባል።

«ሞቱን ካላሳየናቸው እንዴት ይመለሳሉ?» የሚል አይጠፋም። ሞቱን ሰምተዋል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ ጫካ ውስጥ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ የ25 ሰዎች የጅምላ መቃብር ተገኘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬኖች ተጥለው ታዩ። ይህ ሁሉ በየስልኩ ተዟዙሯል፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሹን ነጥብ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ውጤቱ በወጣ ማግስት ልጁ ከደጁ ሲወጣ የሚያየው ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የቆመውን ፎቅ ነው። ፎቁን ደብቆ ሬሳውን ብቻ የሚያሳይ ፊልም ግማሽ እውነት ይዞ ይመክራል፤ ተመልካቹም ግማሹን ስለሚያውቅ አያምነውም።

ለወጣት የሚሠራ ፊልም ካልመከረ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ኢራናዊውን የፊልም ሠሪ አባስ ኪያሮስታሚን ቢያዩ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው «የጓደኛዬ ቤት ወዴት ነው?» ገንዘቡን ያገኘው ለልጆችና ለወጣቶች አእምሯዊ ዕድገት ከተቋቋመ ተቋም ነው። ታሪኩ ይህችን ታህል ናት፦ አንድ ተማሪ የጓደኛውን ደብተር በስህተት ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ጓደኛው የቤት ሥራውን በደብተሩ ላይ ሠርቶ ካልመጣ መምህሩ ሊያባርረው ዝቷል። ልጁ ቤቱን ፍለጋ ከመንደር መንደር ይሮጣል። ሽጉጥ የለም፣ ሬሳ የለም፤ እናቱ ዳቦ ግዛ፣ አያቱ ሲጋራ አምጣ እያሉ የሚለውን አይሰሙትም። ተመልካቹ ግን ትንፋሹን ይውጣል። የእኛው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ባገኘው «ድፍረት» ያደረገውም ከዚህ አይርቅም። ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ የሚያስጨንቃት አንድ ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጠለፋን እንደ ወግ የሚቆጥሩት ሽማግሌዎችም ናቸው።

የሆሳዕና ልጆችም ከዚህ የሚያንስ ታሪክ የላቸውም። የሐዲያ ዘመን መለወጫ የያሆዴ ዋዜማ ነው እንበል። ቤተሰቡ የበዓሉን ምግብ አተካናን ከቦ ተቀምጧል፤ ደላላው የክብር እንግዳ ነው። ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦታል፤ ድምፁን ዘግቶ። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጥሩ በ258 ይጀምራል፣ የሞዛምቢክ ነው። ያየችው ከጎኑ የተቀመጠችው ታናሽ እህት ብቻ ናት፤ ወንድሟ ከሄደ ወር አልፎታል፣ «ደኅና ደርሷል» ተብሏል። ታላቅ ሰው እየበላ እንዴት ትጠይቀው? አባቷ ቂቤ ጨምሩለት ይላል። ስልኩ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ይህን በእጅ ስልክ መቅረጽ ይቻላል፤ ልጅቷም ከእናቷ ጋር በሐዲይኛ ታውራ፣ ከሥር በአማርኛ ይጻፍ። አዳራሹ ውስጥ የሚስቅ አይኖርም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ድርሰት ለምን አይጸድቅም? አባትየው ስላለበት ነው። «መልእክት» የሚባለው ነገር ለልጁ የታሰበ ይመስላል እንጂ የሚያገለግለው አዋቂውን ነው። ወሮበላው ከሩቅ ከመጣ፣ ልጁም ምክር ባለመስማቱ ከሞተ፣ በሬውን የሸጠው፣ ብሩን የቆጠረው፣ ደላላውን ከፊት ያስቀመጠው ሰው ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብሎ ከአዳራሹ ይወጣል። መካሪው ራሱ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ሆኖ ሳለ ምክሩን የሚሰማው ማን ነው?

ምክርን የናቅሁ አይምሰላችሁ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። ለምክር ግን የጠዋት ሰልፍ አለ፣ የአምልኮ ቤት አለ፣ የቤተሰብ ጉባኤ አለ። ክበብ የሚመሩ መምህራንና ለፊልም ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች የመጨረሻዋን የምክር ንግግር ግዴታ ማድረጋቸውን ይተዉ፤ ድርሰቱንም ጉዳዩን የሚያውቁት ልጆች ይጻፉት። በፊልሙ ምረቃ ቀን ወላጆች ከፊት ይቀመጡ። ፊልሙ በእውነት ከተሠራ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ መልስ የሚፈለግባቸው እነሱ ናቸው።