ልጁ ማን ይባላል?

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ለመሆኑ ፊቱ ዓለምን ሲዞር ስሙን የመዘገበለት ያጣ ሕፃን ከመቃብር በላይ ምኑ ይዋልለት?

ከጥቂት ወራት በፊት ለውይይት ተጋብዤ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የአንድ ሕፃን ግዙፍ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ራሱ የተላጨ፣ አሮጌ ጋቢ የተከናነበ፣ ዓይኖቹ ፊቱን የዋጡት ልጅ ነው። ከግርጌው «ኢትዮጵያ፣ 1984» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ያስተናገደችኝን ወጣት «ልጁ ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋት። ግር አላት። ወደ ምስሉ ጠጋ ብላ ካየች በኋላ፣ «እሱን እንኳ አላውቅም ዶክተር፤ ግን ልብ ይነካል አይደል?» አለችኝ።

ይነካል እንጂ! የዛሬው ጽሑፌ መነሻም ይኸው ነው። የጥቁርና ነጭ የሕፃናት ምስል ልብ የመንካት ኃይሉ አያጠያይቅም። እኔ የምጠይቀው፣ የተነካው ልብ ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ብዬ ነው። ስም፣ ቦታ፣ ቀንና ምክንያት የሌለው የሕፃን ምስል ሐዘንን ያበዛል፤ ተጠያቂነትን ግን ያጠፋል። ክርክሬ ይህ ነው።

እስቲ ምስሉ የሚሠራበትን መንገድ እንመርምር። ቀለም ሲወገድ የልብሱ ዓይነት፣ የመሬቱ መልክ፣ የዘመኑ ምልክት አብሮ ይደበዝዛል። የሚቀረው ብርሃን፣ ጥላና ዓይን ነው። ሕፃን ደግሞ ወገን የለውም፤ ጥፋትም የለበትም፤ አፉን ከፍቶ አይከራከርም። ስለዚህም ተመልካቹ የፈለገውን ቃል ያጎርሰዋል። በ1966 የተራበው ልጅ፣ በ1977 የተራበው ልጅና በቅርቡ የተፈናቀለው ልጅ አንድ ልጅ ይመስላሉ። ረሃብም ውሳኔና በጀት፣ ጦርነትና ዝምታ የወለዱት መሆኑ ይረሳና እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ከሰማይ የወረደ ይሆናል።

ይህ የፎቶግራፍ ጥበብ ዕጣ ፈንታ ነው የሚለኝ ካለ የሌዊስ ሃይንን ታሪክ ልንገረው። ሃይን ኒው ዮርክ ውስጥ መምህር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ማስተማሩን ትቶ ለአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ ፎቶግራፍ ማንሳት ጀመረ። ፋብሪካዎቹና የማዕድን ጉድጓዶቹ ዝግ ስለነበሩ አንዳንዴ የመጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዳንዴም የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ መስሎ ይገባ ነበር። የልጆቹን ቁመት በሰደርያው ቁልፎች እየለካ፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ኪሱ ውስጥ በሸሸገው ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በደቡብ ካሮላይና፣ ላንካስተር ከተማ በሚገኝ የጥጥ ፋብሪካ ያነሳት ልጅ ሴዲ ፋይፈር ትባላለች። ቁመቷ 48 ኢንች እንደሆነ፣ ግማሽ ዓመት እንደሠራች፣ የት ፋብሪካ እንደሆነ ከምስሏ ጋር ተመዝግቧል። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው አልቅሶ ብቻ ወደ ቤቱ ሊሄድ አይችልም፤ የፋብሪካው ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። የ1916ቱ የሕፃናት ጉልበት ሕግ የወጣው እንዲህ ያለ ማስረጃ በተከማቸበት ዘመን ነው። ሕጉን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ቢሽረውም በ1938 ጸንቶ የቆየ ሌላ ሕግ ወጥቷል። ሃይን ጥቁርና ነጭ ያነሳው ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ነው። እንባን የፈለገው ግን ከማስረጃ ጋር ነበር።

አሁን ወደ እኛው ደጅ እንመለስ። ግንቦት 2017 ያረፈው ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ኮረም መጠለያ ነበር። የቀለም ፊልም በየሱቁ በሚሸጥበት ዘመን ጥቁርና ነጭን መረጠ። ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሠርቶ ያሳተመው የሳህል መጽሐፍም ለበጎ ሥራቸው መደገፊያ ውሏል። በ2000 ደግሞ የስደተኛና የተፈናቃይ ሕፃናትን ምስሎች ብቻ የያዘ መጽሐፍ አወጣ። ልጆቹ እየከበቡ ሥራ ሲያስፈቱት፣ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ላንሳችሁ ብሎ ያነሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ እንደ ፈቀደው ቆሞ ሌንሱን አፍጥጦ ያያል። ይህ ክብር ነው፤ አልክድም። ዳሩ ግን ያ ሁሉ ልጅ «እኔ አለሁ» ብሎ ሲቆም «ማን ልበል?» ብሎ የመዘገበለት የለም። ሱዛን ሶንታግ በ2003 ባሳተመችው መጽሐፏ፣ ዝነኞች በስማቸው ሲጠሩ አቅመ ቢሶች የሥራቸው፣ የዘራቸው ወይም የመከራቸው ናሙና ሆነው ይቀራሉ ስትል የወቀሰችው ይህንኑ ነው። ሳልጋዶ በትምህርቱ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበር። ምክንያቱን ያውቃል፤ ምስሉ ግን አይናገርለትም።

ስም የለሽ ምስል ደግሞ ለጠራው ሁሉ አቤት ይላል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በጥቅምት 1966 ለዓለም አሳየ። ያሳየው እውነት ነበር። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ሥጋ ከሚጎርሱ ውሾች ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየን። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያን ዕለት በጥቁርና ነጩ መስኮት የታዩት ሕፃናት እውነተኛ ነበሩ፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ለእነዚያ ሕፃናት ያዘነው መንግሥት በአሥረኛው ዓመቱ ምን አደረገ? መስከረም 1977 አዲስ አበባን በሰልፍና በአርማ አንቆጥቁጦ የአብዮቱን በዓል ሲያከብር ወሎና ትግራይ ያልቁ ነበር። የመሐመድ አሚን ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ እስኪታይ ድረስ የረሃቡ ምስል እንዲሸሸግ ተደረገ። ምስሉ ዙፋን ሲያፈርስ ተፈለገ፤ ሥልጣን ሲያሳጣ ተጠላ። ልጁ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ስም የለሽ ነበር።

ከዚያ ወዲያስ? እንባው ገንዘብ ሆነ፤ ገንዘቡም እህል ሆነ፤ ብዙ ነፍስም ዳነ። ይህን የሚክድ ግብዝ ነው። ነገር ግን በእርዳታው ጥላ ሥር ሕዝብ በግዳጅ ወደ ሰፈራ ሲጫን፣ ድርጊቱን በይፋ የተቃወሙት የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረሩ። ለምስሉ ያለቀሰው ዓለም ለዚህ ያን ያህል አላለቀሰም። የልጁ ዓይን ስለ ሰፈራ አይናገርማ!

ያለፈ ታሪክ ነው የምትሉ አንባቢያን ካላችሁ ከ2013 እስከ 2015 በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ያየነውን አስታውሱ። ከሌላ ዘመንና ከሌላ አገር የተወሰዱ የሕፃናት ምስሎች በየማኅበራዊ መገናኛው «የእኛ ልጆች» እየተባሉ ተሰራጩ። ስምና ቀን የሌለው ፊት የትኛውም ጎራ የሚለብሰው ጭምብል ነው። የከፋው ደግሞ የውሸቱ ምስል ሲጋለጥ እውነተኛው ልጅም አብሮ ውሸታም መባሉ ነው።

«ስሙን ብናወጣ ልጁን አደጋ ላይ እንጥለዋለን» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ተገቢ ሥጋት ነው። ይሁን እንጂ ስምን መመዝገብና ስምን ማሳተም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሐኪም የበሽተኛውን ስም አደባባይ አያወጣም፤ ካርድ ሳያወጣለት ግን አያክመውም። «ስሙ ለደኅንነቱ ሲባል አልተገለጸም» እና «ስሙን የጠየቀው የለም» መካከል ያለው ርቀት በሰውና በዕቃ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ስለዚህ ካሜራ ለያዛችሁ፣ ለእርዳታ ድርጅቶችና ለመገናኛ ብዙኃን የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የልጁን ስም፣ የወላጁን ወይም የአሳዳጊውን ፈቃድ፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ። ከምስሉ ግርጌ ልጁን ለዚህ ያበቃውን ምክንያት ጻፉ፤ ጦርነት ከሆነ ጦርነት፣ የተከለከለ እህል ከሆነም የተከለከለ እህል በሉት። እኛም ተመልካቾች ልባችን ሲነካ በዚያው አንርካ። እንባችን ለራሳችን ደግነት የምንከፍለው ዋጋ ሆኖ እንዳይቀር።

ያ የመተላለፊያው ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ የእኔ እኩያ ነው። እኔ ስሜ ከነማዕረጉ በቢሮዬ በር ላይ ተለጥፏል። እሱ አርባ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ቆሞ አንድ ጥያቄ ይጠባበቃል። ስንወጣ አስተናጋጄ እንደገና ቆም ብላ ከግርጌው ያለውን ጽሑፍ አነበበችው። «እውነትም ስም የለውም» አለች፤ «እስቲ እጠይቃለሁ።»

መልሱን እስካሁን አልሰማሁም። ጥያቄው ግን መጠየቁ መልካም ነው።

ቸር እንሰንብት።